የብረት ሰረገላ በፎገራ ጭቃ

«አብሮት ካለ እንዴት አቃተው? ካቃተውስ እንዴት አብሮት ነበረ ይባላል?» አለ ወንድሜ። «የኔታ፣ እኔን የጨነቀኝ ይኸ ብቻ ነው።»

«ድምፅህን ቀንስ፤ ሚኒባስ ጉባኤ ቤት አይደለም» አሉ የኔታ። «ያቃተው ይሁዳ ነው። እግዚአብሔር አብሮት ነበረ፤ ተራራማውን አገር ወረሰ፤ ሜዳ ላይ ያሉትን ግን የብረት ሰረገላ ስለ ነበራቸው ማስወጣት አልቻለም። አልቻለም የተባለው ሰውየው ነው። አለቀ።»

«ለአያ ፈንታ አላለቀም። ‹ሁሉን የሚችል አብሮኝ ዘምቶ እኔ ካቃተኝ፣ የአብሮነቱ ጥቅም ምኑ ላይ ነው› ይላሉ።»

«እንግዲያው ሁለተኛውን እንሰጣቸዋለን። አቅቶት ሳይሆን እስራኤልን ሊፈትንባቸው ተዋቸው፤ መጽሐፉ ራሱ ወረድ ብሎ ይለዋል። እሱም ካልበቃ ሦስተኛ አለኝ። ጌታችንም በገዛ አገሩ ስለ አለማመናቸው ተአምር ሊያደርግ አልቻለም ተብሏል። ጉድለቱ የተቀባዩ እንጂ የሰጪው አይደለም።»

«እሱንም አንሥተውታል። አንዱ ወንጌላዊ ‹አላደረገም› ይላል፣ ሌላው ‹አልቻለም› ይላል፤ ማንኛቸውን ልያዝ ብለውኛል።»

ከፊታችን ዶሮ አቅፋ የተቀመጠች ሴት ዞር አለች። «ይቅርታ አባቴ፣ ሐዘን ገጥሟችሁ ነው?»

«ኧረ የለም ልጄ፤ ለዚህ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ነው የምንሄድ።»

ሴትየዋ ዶሮዋን አስተካክላ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ታዲያ ይሁዳ ምን አገባው?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወንድሜ ግን መስኮቱን አየ።

ምን እንዳገባው ልንገራችሁ። ወንድሜ ዲያቆን ይትባረክ ይባላል። ቅስና ሊቀበል ቆርጧል፤ ደንቡ ደግሞ ጋብቻው እንዲቀድም ያዛል። በከተማችን በደብረ ታቦር ተምራ ወደ አገሯ ፎገራ ተመልሳ የምታስተምር እናትነሽ የምትባል ልጅ አለች፤ ሁለቱ ከተስማሙ ቆይተዋል። ያልተስማሙት አባቷ ናቸው። አያ ፈንታ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው ቢሆንም መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው አንብበዋል። በግንቦት ይትባረክ ለንግሥ መንደራቸው ሄዶ ቤታቸው ሲጋበዝ ይህንኑ የይሁዳን ጥቅስ ጠየቁት። ወንድሜ ዳዊቱን በቃሉ የሚያወርድ፣ የወንጌሉን ትርጓሜ ከየኔታ እግር ሥር የተማረ ሰው ነው። መጽሐፈ መሳፍንትን ግን አልደረሰበትም። ያልተማሩትን የሌለ አድርጎ መቁጠር የተማሪ ሁሉ በሽታ ነውና፣ በጎረቤት ፊት ቀና ብሎ «እንዲህ የሚል የለም» አላቸው። አያ ፈንታ ተነሥተው መጽሐፉን አመጡ፤ ገለጡ፤ ጣታቸውን አሳረፉበት። አለ። ወንድሜ ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ «ልጄን ለቄስ ብሰጥ ደስታዬ ነው፤ ያለውን የለም ለሚል ቄስ ግን አልሰጥም» ማለታቸውን ሰማን። ወጉ ሽማግሌ ሄዶ ጠያቂው ቤቱ እንዲቀር ነበር፤ እርሳቸው ግን «ራሱ ይምጣ» ብለው ላኩ። በጥር ካልተዳሩ ጾሙ ይገባል፤ ከቤታችን አሥር ደቂቃ የማይርቅ ደብር ለወንድሜ የያዘለት የቅስና ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የኔታ ሦስት መልስ ቋጥረው፣ ወንድሜ እፍረቱን ይዞ፣ እኔ ደግሞ በታመመው አጎታችን ምትክ በሃያ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ ሆኜ ተነሣን። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ደረት ኪሴ ውስጥ ለዚያ ጥቅስ መልስ የሚሆን ሃያ አራት ስንኝ ነበር። የሽምግልናው ንግግር ሲደናቀፍ ብድግ ብዬ አነበዋለሁ፣ አያ ፈንታ ያለቅሳሉ፣ ነገሩ ያበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

ፎገራን ለማታውቁ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ መሄድ ልብስ እያወለቁ መውረድ ነው። ስንነሣ ከጉና የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ዓለም በር ላይ ጋቢያችንን አጠፍን። ወረታ ስንደርስ የኔታ ጥምጣማቸውን ላላ አድርገው «ይህ ሁሉ ፀሐይ እዚህ ተቀምጦ እኛ እዚያ እንንቀጠቀጣለን?» አሉ። እኛ ዘንድ ሰማይ በተራራና በተራራ መካከል የተወጠረ ጨርቅ ነው። እዚህ ግን ጫፍ የለውም፤ ሜዳው ሄዶ ሄዶ ጣና ውስጥ ይገባል። የከተማው መንገድ ዳር በሩዝ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከመፈልፈያው ቤት የሚወጣው ገለባ ጫማችን ላይ እንደ በረዶ አረፈ።

ያረፍነው እትየ ሙላቷ የምትባል የየኔታ ዘመድ ቤት ነው። ጾም ስለ ነበር ሽሮና ጎመን አቀረበች። እንጀራው ከሩዝና ከጤፍ የተጋገረ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ። የእኛ አገር እንጀራ ከዚህ ጋር ሲተያይ የሐዘን ልብስ የለበሰ ይመስላል። የይሁዳን ነገር ሰምታ ስትጨርስ አጎበር አምጥታ አልጋችን ላይ ሰቀለችልን። እኔም የአጎበሩን ጠርዝ በፍራሹ ሥር ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠቀጠቅሁት፤ ሦስት የወባ ትንኝ ከኔ ጋር ውስጥ እንደ ቀረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጠዋት ፊቴን አይታ እትየ ሙላቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ፈርዖንን የረታው በምን ነበር? በአንበሳ ነው?» አለችኝ። «በጓጉንቸርና በትንኝ ነው እኮ። እናንተ ትልቅ ትልቁን ስትከራከሩ ታድራላችሁ።»

ሐሙስ። ሌሊቱን ያለ ወቅቱ ዘንቦ ነበር። የአያ ፈንታ መንደር ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ሄደን፣ የርብን ወንዝ ሳንሻገር ወደ ሐይቁ በኩል ወርደን ነው የሚገኘው። በጋሻው የሚባል ባለ ባጃጅ አገኘን። የኔታ መንገዱን አይተው «ይገባል?» አሉት።

«አባቴ፣ ይቺ ባጃጅ ብረት ናት። ብረት የማይገባበት የለም።»

ወንድሜና እኔ ተያየን። ብረቷ አስፋልቱን ለቅቃ ትንሽ ሄደች፤ ከዚያ የሜዳው ዋልካ አፈር ያዛት። ዋልካ ማለት ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ፣ ሲርስ ሙጫ የሚሆን ጥቁር አፈር ነው፤ የእኛ አገር ጭቃ ያንሸራትታል እንጂ አይዝም። በጋሻው ሞተሩን ባስጮኸ ቁጥር ባጃጇ ተቀመጠች። ወንድሜና እኔ ወርደን ገፋን። እኔ የግራ ጫማዬን አጣሁ፤ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ብፈልገውም አላገኘሁትም፤ እስካሁን እዚያው ነው። የኔታ ብቻ መስቀላቸውን ይዘው ውስጥ ተቀምጠው «በርቱ ልጆቼ» ይሉናል።

አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ሁለት በሬ እየነዱ መጡ። የቀንበራቸውን ጠፍር ባጃጇ ላይ አሰሩት። ቀና ሲሉ ወንድሜን አዩት፤ ወንድሜም አያቸው፤ ፊቱ ከጭቃው የባሰ ጠቆረ።

«አንተ ‹የለም› ባዩ አይደለህም?» አሉ አያ ፈንታ።

«ነኝ፣ አያ ፈንታ።»

«ታዲያ ይኸስ ጭቃ አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አለ ወንድሜ።

«ደህና፤ ተሻሽለሃል።» በሬዎቹን ጠሩ፤ ባጃጇ እንደ በሰበሰ ጥርስ ተነቅላ ወጣች። በጋሻው ጎማውን እያየ ስለ ብረት ዳግመኛ አላነሣም።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትየ ጥሩወርቅ ለብ ያለ ውኃ አመጣች። እኛም አገር የእንግዳ እግር ይታጠባል፤ የሚያጥበው ግን ልጅ ነው ወይም የቤቱ ሴት። እዚያ አያ ፈንታ ራሳቸው ነጠላቸውን አገልድመው በርከክ አሉና የየኔታን እግር አጠቡ። ቀጥለው ወደ ወንድሜ ዞሩ። ወንድሜ እግሩን ሸሸገ። «አይሆንም አያ ፈንታ፤ እንዴት እርስዎ የኔን!»

አያ ፈንታ ቀና ሳይሉ «እንግዲህ ጴጥሮስም እንዲህ ብሎ ነበር፤ የተመለሰለትንም ታውቃለህ» አሉት። «ይህን መቸም የለም አትለኝም።»

ወንድሜ እግሩን ሰጠ። እጃቸው ከበሬ ቀንበር ጋር የኖረ እጅ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን ጭቃ ግን እንደ ሕፃን እግር ቀስ እያሉ አወጡት። ወንድሜ ወንጌሉን በቃሉ ያውቀዋል። ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው አውቆ ተነሣ፣ ማበሻ ጨርቅም ታጠቀ የሚለውን ስንት ጊዜ ቆሞ አንብቦታል። ያን ጊዜ ፊቱን ባያችሁት።

ከዚያ መከራው መጣ። እትየ ጥሩወርቅ ሦስት ትልልቅ ዋንጫ ወተት ይዛ ገባች። የፎገራ ላም ወተት ማለት ለኛ ስሙን ብቻ የምንሰማው ነገር ነው፤ አረፋው ከዋንጫው አፍ በላይ ቆሟል። ሽማግሌ ግን የመጣበት ሳይመለስለት አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ቆመን አየነው።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ አያ ፈንታ፣ እንዳላወቀ ሰው።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አያ ፈንታ ግን በበሩ ሰማዩን አዩና እጃቸውን አነሡ። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ። የታጨደ ሩዝ ማሳ ላይ አለኝ፣ ያልታጨደም አለ፤ ይህ ደመና ካልቀደመኝ ነገ ደቦ ጠርቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እሰማችኋለሁ። ዛሬ አባ ተክሌ ቤት ታድራላችሁ።» ወተቱ ወደ ጓዳ ተመለሰ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የእናትነሽን ሳቅ ሰማሁ።

አባ ተክሌ የመንደሩ ቄስ ናቸው፤ አንድ ለናቱ። ቅዳሴ ለማድረስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ፤ ሁለተኛው ቄስ ግን የሚመጡት ከርብ ማዶ፣ ከይፋግ በኩል ነው። «ክረምት ወንዙ ሲሞላ እሳቸው ወዲያ እኔ ወዲህ እንቀራለን» አሉን እራታችንን እያቀረቡ። «ያኔ እሑድ ጠዋት ዳር ላይ እንቆማለን። እሳቸው ከማዶ መስቀላቸውን ያነሣሉ፣ እኔም የኔን አነሣለሁ፤ እንሳለማለን። ከዚያ በየቤታችን።» ይህን ሲነግሩን እንደ ጥሩ ቀልድ እየሳቁ ነው። እኛ ዘንድ በአንድ ደብር ካህኑ ተርፎ ተራ ይጠብቃል። ወንድሜ ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ቆየ።

ዓርብ። ደቦው ማለዳ ተጀመረ። ሩዝ አጭጄ አላውቅም፤ የእኛ አገር ገብስ ነው። ገብስ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ሩዙ ግን ሥሩ እርጥብ ነው፣ ጎንበስ ብለህ ትለምነዋለህ። ሳልቆይ ጣቴን ቆረጥሁ። «ደገኛው ደም ገበረ» አለ አንዱ። «ድንች መስሎት ነው፤ ሊልጠው ፈልጎ» አለ ሌላው። ወንድሜ ቀሚሱን አጥፎ በዝምታ ያጭዳል። የኔታ ነዶ ያቀብላሉ፤ ከነዶው ይልቅ ምክራቸው ይበዛል። በጋሻውም ሊጠይቀን መጥቶ ማጭድ ተሰጠው።

ምሳ ሲመጣ ችግር ሆነ። ሽምግልናችን ያልተመለሰልን ሰዎች ነን፤ እንብላ ወይስ አንብላ? ሁላችንም የኔታን አየን። የኔታ ሽሮውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እንደገና ሽሮውን አዩ። «ደንቡ በቤቱ አትብላ ይላል» አሉ። «ይህ ማሳ ነው። አንድም የሠራ የሠራበትን ይበላል፤ ይህ ደመወዝ እንጂ ግብዣ አይደለም። አንድም ተርቦ የተናገረ ሽማግሌ ነገር ያበላሻል።» ተቀመጥን።

እናትነሽ እንጀራ እየጨመረች ከአጠገቤ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ከሳህኑ ላይ አልተነሣም። «አንተ ገጣሚው ነህ?»

«እነሱ ይላሉ።»

«ይትባረክ ስንት መልስ ይዞ መጣ?»

«የኔታ ሦስት። እኔ ሃያ አራት ስንኝ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «ወይ ጉድ። መልስ ያመጣለትን ሁሉ አባቴ ሸኝቶታል። አንድ ጊዜ እሱን ራሱን ጠይቀው፤ ጥቅሷን ለምን እንደሚወዳት። እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።» ተነሥታ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሰው ክምሩ ጥላ ሥር ጋደም ሲል ሄጄ ከአያ ፈንታ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ እንዳለችኝም ጠየቅሁ። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በማጭዳቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ ተናገሩ።

«ርብ የሞላ ዓመት ነው። እናትነሽ ጡት አልጣለችም ነበር። ውኃው ቤት ሲገባ ቆጥ ላይ ወጣን፤ ሁለት ቀን እዚያው ነን። ጎረቤት በታንኳ ሊያወጣን መጣ። ወራጁ ከለከለው። ሞከረ፣ ሞከረ፣ አልቻለም። ግን አልሄደም። ታንኳውን ከዋርካ ጋር አሰረና እስኪጎድል ድረስ ስማችንን በየተራ እየጠራ ቆየ። ፈንታ፣ አለህ? ጥሩ፣ አለሽ? ልጅቱ፣ አለች? ውኃው ሲጎድል አንድ ሰባኪ ከደጋ ወርዶ ‹ሁሉን የሚችል አምላክ በኃጢአታችሁ መታችሁ› አለን። ዝም አልሁ። ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ ለመድሁ፤ ከዘፍጥረት ጀመርሁ። እግዚአብሔር በሜዳ ሰው ጉዳይ አለው ወይ? ይኸን ብቻ ነበር የምፈልግ። አንድ ቦታ ሶርያውያን ‹አምላካቸው የተራራ ነው፤ ሜዳ ላይ እንግጠማቸው› ይላሉ። እናንተን ደገኞችን መሰሉኝ፤ ሳቅሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህችን አግኝቼ ነበር። አብሮት ነበረ፤ አልቻለም። ሁለቱም ባንድ መስመር። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥሁ። እኔ የማውቀው ኃይል ያ ነበር፤ ታንኳውን አስሮ ስም የሚጠራ። አሁን ቄስ ሁሉ ይህችን ጥቅስ ሊያቃናልኝ ይመጣል። እኔ መቼ ጎበጠች አልሁ?»

«ጎረቤቱ ማን ነበሩ?»

«ሌሊት አሳዳሪያችሁ አባ ተክሌ ናቸው እንጂ። አልነገሯችሁም? አይናገሩም።» ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። «ደግሞ እኮ ጥቂት ምዕራፍ ብትሄድ፣ ዘጠኝ መቶ የብረት ሰረገላ ይዞ የመጣውን ወንዝ ይጠርገዋል። የይሁዳዋ ግን በበጋ የሆነች ናት ማለት ነው። ብረት የሚፎክረው በበጋ ነው። ትናንት ያን ልጅ ከባጃጁ ጋር ሳየው ይኸው መጣልኝ፤ ሳቄን ይዤ ነው በሬ ያመጣሁላችሁ።» ወደ ደረት ኪሴ አዩ። «ግጥም ትጽፋለህ አሉ። በል እስቲ አሰማን።»

ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሃያ አራቱም ስንኝ ያችን «አልቻለም» ለማጥፋት የተጻፈ ነው። እጄን አላስገባሁም።

«የያዝሁት ጥሩ አይደለም» አልሁ። «ትናንት ጭቃው ውስጥ የመጣችልኝ ግን አለች፦

የብረት ሰረገላ ይሁዳን ያስፈራው፣
ፎገራ ሲደርስ ግን በሬ ነው የመራው።»

ደቦው በሳቅ ተንከባለለ። በጋሻው ማጭዱን ጥሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሁለተኛዋን ስንኝ ተቀብለው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲያጭዱባት ዋሉ። እኔ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሰው ሥራ የሠራባት ግን ይቺ የመጀመሪያዬ ናት። ዝናቡም ሳይመጣ ሩዙ ተከመረ።

ማታ ወደ አባ ተክሌ ቤት ስንመለስ የሰማሁትን ሁሉ ለወንድሜና ለየኔታ ነገርኋቸው። የኔታ ብዙ ከተራመድን በኋላ ቆም አሉ። «ታዲያ ሦስቱን መልሴን ምን ላድርጋቸው?»

«ደብረ ታቦር እንመልሳቸዋለን፤ እዚያ ይቆያሉ» አልኋቸው። የኔታም ከልባቸው ሳቁ።

ቅዳሜ። ማለዳ እንደ ወጉ ሦስታችንም ከአያ ፈንታ ምሰሶ አጠገብ ቆምን። በግንቦት የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ተጠርተዋል። እትየ ጥሩወርቅ ወተቱን አስቀምጣ ከጓዳው አፍ ቆማለች። የኔታ አባወራውን፣ እማወራዋን፣ ከብታቸውን፣ ማሳቸውን መርቀው የመጣንበትን ተናገሩ። አያ ፈንታ ጨርሰው ሰሙና ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ጥያቄዬን ታውቃታለህ። አለች ወይስ የለችም?»

«አለች» አለ ወንድሜ። «የለም ያልሁት ሳላነብ ነው። በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው ያልሁት፤ በእነሱው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«መልሷስ?»

«የኔታ ሦስት አላቸው፤ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። እኔ ግን እንደ ተጻፈች ትቀመጥልዎ እላለሁ።» አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። «እኔም የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። ቅስናውን ስቀበል እዚሁ ልቀመጥ። ደብረ ታቦር ያለውን ቦታ ለሌላ ይስጡት። ርብ ሲሞላ ከወዲህ በኩል የሚቀር ሁለተኛ ቄስ ልሁን።»

ይህን ለኔም ለየኔታም አልነገረንም ነበር። ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚርቀውን ደብር አሰብሁ፣ ቀዝቃዛውን አየር፣ እናታችንን። ከጓዳው ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

«ክረምቱን አላየኸውም» አሉ አያ ፈንታ። «ወባ አለ። ጭቃ አለ።»

«ጭቃውን ከእግሬ ላይ ያጠቡልኝ እርስዎ ነዎት።»

አንዲት ጫጩት ከበሩ ገብታ በየኔታ እግር መካከል አለፈች። አያ ፈንታ ወንድሜን አዩት፣ ከዚያ የጓዳውን መጋረጃ አዩ፤ መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ።

«የኔታ» አሉ፣ «ይቀመጡ።»

ሦስት ቀን የጠበቅናት ቃል ናት። የኔታ መደቡ ላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ተንቋቋ። እትየ ጥሩወርቅ እልል ለማለት አፏን ከፍታ እንባ ቀደማት፤ ወተቱን ሰጠችን። የኔታ አንድ ጊዜ ጎንጭተው፣ ጢማቸው ላይ አረፋ እንደ ቆመ፣ «ሦስተኛዋን እንኳ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር» ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

አያ ፈንታ ግን አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን ደረቡ፤ ዱላቸውን ከጥግ አነሡ።

«ምነው፣ ወዴት ነው?» አለች ባለቤታቸው። «እንግዳ ጥለህ?»

«አባ ተክሌ ብቻቸውን ናቸው» አሉ አያ ፈንታ። «ሄጄ እኔም በተራዬ ስማቸውን ልጥራቸው።» ጫጩቷን በዱላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ነድተው ወጡ፤ የቆርቆሮውን በርም ከኋላቸው ዘጉት።